የመሬት ሙቀት ግምት ለሕንፃ ኢነርጂ ሲሙሌሽን፦ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ ለሚሠራ ቤት

ቆርቆሮ ጣሪያውንና መስኮቱን ሁሉም ተጠንቅቆ ያስገባል። ወለሉ ጋ ሲደረስ ግን ብዙ ሞዴል ላይ የሚገኘው ኢነርጂፕላስ (የሕንፃን ሙቀትና ኢነርጂ የሚያሰላው ፕሮግራም) ምንም ሳይነገረው ሲቀር የሚወስደው 18 ዲግሪ ነው፣ ወይም ከዌዘር ፋይሉ (የአንድ ጣቢያ የዓመት ሙሉ የሰዓት በሰዓት አየር መረጃ) ራስጌ ላይ የተገለበጠ የ0.5 ሜትር ጥልቀት ሙቀት። ሁለቱም ለአንድ ፎቅ አልባ ቤት ወለል የተሳሳቱ ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመረጃ የመጣ ስለሚመስል ይብሳል።

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚሠራ ቤት ሥራው እንደ ቀዝቃዛ አገር አይከብድም፤ በጋና ክረምት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ትንሽ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከዓመቱ አማካይ፣ ከዓመቱ ቅርጽና ከስላቡ (ከወለሉ ኮንክሪት) ስር ያለውን አፈር ከሜዳ አፈር ጋር ከማምታታት። ቅደም ተከተሉ እነሆ።

1. መጀመሪያ የትኛው ሙቀት እንደሚፈለግ ለዩ

ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ያልተነካ መሬት ነው፤ ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ ምንም ያልተሠራበት ሜዳ ላይ ያለው የአፈር ሙቀት። ከመሬት በታች ለሚቀበር ቱቦ፣ ለምድር ሙቀት መለዋወጫና ለመሳሰሉት የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሁለተኛው ከስላቡ ስር ያለው ነው። ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አፈሩን ስለሚያሞቀው ይህኛው ከሜዳው ይልቅ ወደ ቤቱ ውስጥ ሙቀት ይጠጋል። «ሳይት ግራውንድ ቴምፕሬቸር ቢልዲንግ ሰርፌስ» የሚባለው ግቤት የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው።

በዌዘር ፋይሉ ራስጌ ላይ በ0.5፣ በ2 እና በ4 ሜትር የተጻፉት ቁጥሮች ያልተነካ መሬት ናቸው፤ ያውም ከአየር ሙቀት በቀመር የተሰሉ እንጂ ተቆፍሮ የተለኩ አይደሉም። ከዌዘር ፋይሉ ጋር የሚመጣው የስታት ፋይል «ለወለል ሙቀት ብክነት አትጠቀሙባቸው» ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቃል። የስታት ፋይሉን ከፍቶ የሚያነብ ጥቂት ነው።

2. የአየሩን አማካይ አውጡና በከፍታ አስተካክሉ

ዌዘር ፋይሉን በኤክሴል ክፈቱ፤ 8,760ውን የሰዓት ሙቀት በየወሩ አማካይ አድርጉ። በመመሪያው ሁሉ የምንጠቀምበት ምሳሌ ይህ ነው (ለልምምድ የተመረጠ ነው፤ የራሳችሁን ከፋይላችሁ አውጡ)፦ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 15.5፣ 16.6፣ 17.7፣ 17.8፣ 18.0፣ 16.9፣ 15.7፣ 15.6፣ 15.9፣ 15.6፣ 14.8፣ 14.7። አማካዩ 16.2 ዲግሪ ነው።

የአዲስ አበባ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ የቦሌ ጣቢያ ናቸው፤ የዓለም ሜትዎሮሎጂ መለያው 63450 ነው። የጣቢያው ከፍታ በፋይሉ የመጀመሪያ መስመር መጨረሻ ላይ ተጽፏል። የእናንተን ቦታ ከፍታ ከስልክ ጂፒኤስ ወይም ከካርታ ውሰዱና በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ጣቢያው 2,350 ሜትር ላይ ቢሆንና ቦታችሁ በሱሉልታ በኩል 2,600 ላይ ቢሆን 1.6 ዲግሪ ይቀነሳል። በአቃቂ በኩል 2,100 ላይ ቢሆን 1.6 ይጨመራል። በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ከ3 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ይህ በዓመቱ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወር መካከል ያለውን ልዩነት ያህላል። ሆኖም ግማሹ ሰው ይህን እርምጃ ዘሎ አፈሩን ለማጥናት ይሄዳል።

በሜዳማ ቦታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት፣ ቀዝቃዛ አየር ስለሚተኛ የከፍታ ሕጉ ብቻውን አይበቃም። እዚያ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ሕጉ ከሚለውም ይወርዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዌዘር ፋይሉ የሚቆጥረው በፈረንጆች ወር ነው። በመስክ የተመዘገበ ንባብ «ሚያዝያ 5» ተብሎ ከመጣ ያ በኤፕሪል አጋማሽ ያለ ቀን እንጂ ኤፕሪል 5 አይደለም። መስከረም 1 የዓመቱ 254ኛ ቀን (ሴፕቴምበር 11) ነው፤ ከዚያ እየቆጠራችሁ ሁሉንም ወደ ቀን ቁጥር ቀይሩ። ወር በስም አትጻፉ።

3. ከአየር ወደ አፈር ገጽ

የአፈሩ ገጽ ዓመታዊ አማካይ ከአየሩ አማካይ ጋር እኩል አይደለም። በእኛ ከፍታ ፀሐይዋ ስለምትበረታ ገጹ ከአየሩ ይሞቃል፤ ልዩነቱ በ1 እና በ3 ዲግሪ መካከል ይወድቃል። ዓመቱን ሙሉ ሣር የለበሰ ወይም ጥላ ያለው ግቢ ከሆነ 1፣ ታርሶ ባዶውን የተተወ ወይም ከሣር የተራቆተ ጥቁር መሬት ከሆነ እስከ 3 ውሰዱ። ለተለመደ ግቢ 1.5 ጥሩ መነሻ ነው፤ በምሳሌያችን የገጹ አማካይ 17.7 ይሆናል።

ይህ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በበጋ ደረቅና ጥርት ያለ ቀን ላይ ይሰፋል፤ በክረምት ደመና ሲጋርድና አፈሩ ሲረጥብ ይጠባል። የሚነበብ ሴንሰር ከሌላችሁ ይህን በወር በወር ለመከፋፈል አትድከሙ።

4. ዓመቱ ሁለት ጉብታ አለው

የተለመደው የ1965ቱ የኩሱዳና አኬንባክ ቀመር ዓመቱን በአንድ ማዕበል ይገልጻል፦ አንድ ሞቃት ወቅት፣ አንድ ቀዝቃዛ ወቅት። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሠራም። ከማርች እስከ ሜይ ይሞቃል፣ በጁላይና በኦገስት ዝናቡና ደመናው ያቀዘቅዘዋል፣ በሴፕቴምበር ትንሽ ያገግማል፣ ከዚያ በኖቬምበርና በዲሴምበር ጥርት ባለ ሌሊት እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ማዕበል ይጨመራል።

ኤክሴል ላይ እንዲህ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ወር የመሐሉን ማዕዘን ስጡት፦ ጃንዋሪ 15 ዲግሪ፣ ፌብሩዋሪ 45፣ እያለ እስከ ዲሴምበር 345። ከየወሩ ሙቀት አማካዩን ቀንሱ። ልዩነቱን በማዕዘኑ ኮሳይን አባዙ፣ 12ቱን ደምሩ፣ ለ6 አካፍሉ፤ በሳይኑም እንዲሁ። ለሁለተኛው ማዕበል ማዕዘኖቹን በ2 አባዝታችሁ ድገሙት። የሁለቱ ውጤቶች ካሬ ድምር ስኩዌር ሩት የማዕበሉ ከፍታ ነው። ኤክሴል ማዕዘን የሚቀበለው በራዲያን ስለሆነ በዲግሪ ካስገባችሁ ትርጉም የለሽ ቁጥር ያወጣል፤ የሁለት ቁጥር አርክ ታንጀንቱም መጀመሪያ የሚጠይቀው ኮሳይኑን ነው፣ ከሌሎች ፕሮግራሞች በተቃራኒ።

ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሚሰጡት፦ የመጀመሪያው ማዕበል ከፍታ 1.4 ዲግሪ፣ ጣራው በዓመቱ 120ኛ ቀን፣ ዝቅተኛው በ302ኛው ቀን። ሁለተኛው 0.6 ዲግሪ፣ ዝቅተኛው በ6ኛውና በ188ኛው ቀን። ሁለተኛው ምን ይለውጣል? አንድ ማዕበል ብቻ ለጁላይ 16.6 ይላል፤ የገባው ቁጥር 15.7 ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ 16.0 ይላሉ። አንድ ማዕበል ክረምቱን አያየውም።

5. አፈሩ

ከቦሌ ወደ አቃቂና ገላን በኩል የሚበዛው ጥቁሩ ዋልካ ነው። ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለሙቀትም ሁለት ባሕርይ አለው። ደረቅ ሸክላ አፈር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 0.25 ዋት በሜትር በኬልቪን አካባቢ ሲሆን ውሃ የጠገበው 1.6 ይደርሳል፤ ስድስት እጥፍ ነው። ሙቀት የመያዝ አቅሙም ከ1.4 ወደ 3.1 ሜጋጁል በኪዩቢክ ሜትር በኬልቪን ይሄዳል።

የአይኤስኦ 13370 ስታንዳርድ ለሸክላና ለደለል አፈር 1.5 ዋት እና 3.0 ሜጋጁል ይሰጣል። የተሻለ መረጃ ከሌለ ይህን ውሰዱ። የተሻለ ከፈለጋችሁ ከግማሽ ሜትር ጥልቀት 500 ግራም አፈር በፌስታል አሽጋችሁ አምጡ፤ መዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ኦቭን 24 ሰዓት አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ። አንድ ጊዜ በየካቲት፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ። የነሐሴው እርጥበት ከየካቲቱ ብዙ ካልበለጠ በዓመቱ ሁሉ አንድ ቁጥር መጠቀም ይቻላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ከቤቱ ስር ያለው ብዙ ጊዜ ዋልካው አለመሆኑ ነው። ዋልካው ተቆርጦ ይወጣና በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የሙሌት አፈር) ወይም በቀይ አሽ ይተካል፤ ከላዩ 25 ሴንቲሜትር የድንጋይ ሀርድኮር፣ ከዚያ 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት። ቀይ አሽ ቀዳዳው ስለበዛ ደረቅ ሲሆን ሙቀት ይከለክላል። ሙሌቱ ስንት እንደሆነ ከፎርማኑ ወይም ከቢል ኦፍ ኳንቲቲው ጠይቁ፤ ግማሽ ሜትር ቀይ አሽ ካለ እንደ አንድ ንብርብር ራሱን ችሎ መግባት አለበት።

6. ወደ ጥልቀት መውረድ

የማስተላለፍ አቅሙን ለመያዝ አቅሙ አካፍሉ፦ 1.5 ለ3,000,000፣ በቀኑ 86,400 ሰከንድ ሲባዛ በቀን 0.0432 ካሬ ሜትር። ይህን በ365 አባዙ፣ ለ3.1416 አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩት ውሰዱ፦ 2.24 ሜትር። ማዕበሉ የሚደክምበት ጥልቀት ይህ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ከገጹ ከፍታ 37 በመቶ ብቻ ይቀራል። ለሁለተኛው ማዕበል ይህንኑ ለ1.414 አካፍሉ፦ 1.58 ሜትር።

በ2 ሜትር ላይ የመጀመሪያው ማዕበል ወደ 0.57 ዲግሪ ይወርድና 52 ቀን ይዘገያል፤ ሁለተኛው ወደ 0.17 ወርዶ 37 ቀን ይዘገያል። ስለዚህ በ2 ሜትር ያልተነካው መሬት ዓመቱን ሙሉ ከ17.1 እስከ 18.4 ባለው ውስጥ ይንቀሳቀሳል፣ ጣራውም በጁን መጀመሪያ ነው፤ ላይ ዝናብ እየጀመረ ታች ገና ይሞቃል። ጠቅላላ ልዩነቱ 1.3 ዲግሪ ብቻ ነው። የገጹን አማካይ በ1 ዲግሪ መሳት ይህን ሁሉ ስሌት የሚውጠው ለዚህ ነው።

የቀንና የሌሊቱ ማዕበል ደግሞ በዚሁ አፈር የሚደክመው በ12 ሴንቲሜትር ነው። በ10 ሴንቲሜትር የተቀበረ ሴንሰር የቀኑን ሰዓት ያነባል፤ በ50 ሴንቲሜትር ያለው ግን ጠዋትም ማታም አንድ ነው።

7. ከስላቡ ስር

ዋናው ነገር እዚህ ነው። 8 በ12 ሜትር ቤት እንውሰድ፤ ወለሉ ኢንሱሌሽን የለውም። ስፋቱን ለዙሪያው ግማሽ አካፍሉ፦ 96 ለ20፣ 4.8 ሜትር። ቀጥሎ የግድግዳውን 20 ሴንቲሜትር ብሎኬት በአፈሩ 1.5 ከተባዛ የገጽ መከላከያ (ከውስጥ 0.17 ሲደመር ከውጭ 0.04) ጋር ደምሩ፦ 0.2 ሲደመር 0.315፣ 0.515 ሜትር። ከዚያ 2 × 1.5 ÷ (3.1416 × 4.8 + 0.515)፣ በ(3.1416 × 4.8 ÷ 0.515 + 1) የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሲባዛ፦ 0.656 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን። የወለሉና የአፈሩ አጠቃላይ ማስተላለፊያ ይህ ነው።

ቤቱ ውስጥ 20 ዲግሪ ከሆነና የመሬቱ አማካይ 17.7 ከሆነ በካሬ ሜትር 1.5 ዋት፣ በጠቅላላ ወደ 145 ዋት ይወጣል። አሁን የተሳሳተውን መንገድ እንይ። 17.7ን ቀጥታ ከስላቡ ስር ስትሰጡት፣ በቤቱ አየርና በዚያ ቁጥር መካከል ያለው የገጽ መከላከያና 10 ሴንቲሜትር ኮንክሪት ብቻ ነው፤ ድምሩ 0.23። 2.3 ለ0.23፣ በካሬ ሜትር 10 ዋት፣ በጠቅላላ 960 ዋት። ከስድስት እጥፍ በላይ። ሞዴሉ ቤቱ ሌሊት እየቀዘቀዘ ነው ብሎ ሲያስቸግር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ትክክለኛው የስላብ ስር ሙቀት 20 ሲቀነስ 1.5 × 0.23፣ 19.65 ዲግሪ ነው። በቀላሉ ሲጻፍ፦ 85 በመቶ የቤት ውስጥ ሙቀት፣ 15 በመቶ የመሬቱ አማካይ። 15 በመቶው የመጣው ከ0.656 × 0.23 ነው፤ በቤታችሁ ልክ ራሳችሁ አስሉት። ለ4 በ30 ሜትር የሱቅ ረድፍ ወደ 19 በመቶ ይወጣል፤ ለ30 በ60 መጋዘን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፤ ትልቅ ወለል መሐሉ ስለ ውጭ አያውቅም።

በብዙ ማስተማሪያ የሚገኘው «ከቤት ውስጥ አማካይ 2 ዲግሪ ቀንሱ» የሚለው ምክር ለአሜሪካ ትልልቅ ንግድ ቤቶች የተሰጠ ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ ብታውሉት ብክነቱን ወደ 835 ዋት ይወስደዋል። ተዉት።

የእኛ ቤቶች ማሞቂያም ማቀዝቀዣም ስለሌላቸው የውስጡ ሙቀት አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ይደጋገማል፦

- 12ቱንም ወር 18 አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አስኪዱ።
- የቤቱን ወርኃዊ አማካይ የአየር ሙቀት ከውጤቱ አውጡ።
- በ85 እና በ15ቱ ሕግ 12 አዲስ ቁጥር አስሉ፣ አስገቡ፣ እንደገና አስኪዱ።
- ቁጥሮቹ ከ0.2 ዲግሪ በታች መለወጥ ሲጀምሩ አቁሙ። ብዙ ጊዜ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዙር ይበቃል።

ሀርድኮሩን በወለሉ ንብርብር ውስጥ ካስገባችሁት የምትሰጡት ሙቀት ከሀርድኮሩ ስር ያለው መሆን አለበት፤ 0.23ውም በዚያው ልክ ያድጋል። ሁለት ጊዜ መቁጠር እዚህ ይደበቃል። ውጤቱ ከ15 በታች ወይም ከ25 በላይ ከሆነ ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ በሱሉልታ ብርድ ላለ ክፍት መጋዘን 14.5 ቢወጣ ግን ስህተት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያውን እለፉት።

8. ኪቫን የሚመርጥ

ኢነርጂፕላስ ውስጥ ያለው ኪቫ መሬቱን ራሱ በሁለት አቅጣጫ ያሰላል፣ ፀሐይና ሌሊቱን ጨምሮ። ስለዚህ የ3ኛው እርምጃ 1.5 ዲግሪ እዚህ አይደመርም፤ የከፍታውን ማስተካከያ ግን ዌዘር ፋይሉ ላይ ቀድማችሁ ሥሩት። የወለሉን የውጭ ገጽ «ፋውንዴሽን» በሉት፣ ለአየር የተጋለጠውን ዙሪያ በሜትር ስጡት፤ ጎረቤት ቤት የተጠጋበት ጎን አይቆጠርም።

ዋናው ወጥመድ ያለው ሳይነካ በሚታለፈው አፈር ላይ ነው። ኪቫ ካልተነገረው 1.73 ዋት፣ 1,842 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትርና 419 ጁል በኪሎግራም ይወስዳል። የኋለኞቹ ሁለት ሲባዙ 0.77 ሜጋጁል ብቻ ነው፤ እርጥብ ሸክላ 3 ነው ብለናል። በዚያ አፈር ዓመታዊው ማዕበል የሚደክመው በ4.7 ሜትር ይሆናል፣ ከእኛው 2.24 ሜትር ከሁለት እጥፍ በላይ። ማስተላለፊያውን ወደ 1.5፣ ጥግግቱን ወደ 1,800፣ የሙቀት መያዣውን ወደ 1,670 ቀይሩ።

ለተቀበረ ቱቦና ለመሳሰለው ያልተነካ መሬት ከፈለጋችሁ ደግሞ «ዢንግ» የሚለውን ግቤት ምረጡ፤ ሁለት ማዕበል የሚቀበለው እሱ ነው። 17.7፣ 1.4፣ 0.6፣ 302 እና 6ን ቀጥታ ይቀበላል። የሚጠይቀው የዝቅተኛውን ቀን እንጂ የጣራውን አይደለም፤ 120 የጻፈ ሰው ዓመቱን ገልብጦታል።

9. በመስክ ማረጋገጥ

ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ውሃ የማያስገባ ሴንሰር ይበቃል፤ ትክክለኛነቱ ግማሽ ዲግሪ ነው፣ በመረጃ ሽቦውና በኃይል ሽቦው መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ከመቅበራችሁ በፊት ሁሉንም በተፈጨ በረዶና ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ አቆዩ፤ 0 ማንበብ አለባቸው፣ ልዩነቱን በየቁጥራቸው መዝግቡ። በፈላ ውሃ ለማመሳከር አትሞክሩ፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው።

በ0.5፣ በ1 እና በ2 ሜትር ቅበሩ፤ ከቤቱ ቢያንስ 5 ሜትር ራቁ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ውሃ ከሚወርድበትም ሽሹ። የወጣውን አፈር በወጣበት ተራ መልሱ፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ ደልድሉ። ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማንጠልጠል ይቀላል፣ ግን ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ቱቦው ውስጥ ይወርድና የ2 ሜትሩ ሴንሰር ከእውነቱ በታች ያነባል፤ ቱቦ ከተጠቀማችሁ በየሴንሰሩ መካከል በስፖንጅ ዝጉት። ዋልካ ላይ ደግሞ በጥር ቦታውን ተመልሳችሁ እዩ፤ ስንጥቅ በሽቦው አጠገብ ከከፈተ ንባቡ የአየር ሆኗል።

ለመቆፈር ጊዜ የሌለው ሰው የጉድጓድ ውሃ ይጠቀም። ከ10 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው የእጅ ጉድጓድ ውሃ ከዓመቱ አማካይ አይርቅም። ባልዲውን ሁለት ጊዜ ቀድታችሁ ድፉ፣ ሦስተኛውን እንደወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለኩ። ከሮቶ የተቀዳ ውሃ የጣሪያውን ፀሐይ እንጂ መሬቱን አይነግራችሁም። ንባቡ ከ17.7 በ3 ወይም በ4 ዲግሪ ከበለጠ ደግሞ አማካዩን ለማረም አትቸኩሉ፤ ከተማይቱ ፍልውሃ ያላት ናት፣ ሞቃት ውሃ ከጥልቅ የሚወጣበት ቦታ የገጹን ሙቀት ሊነግራችሁ አይችልም። እዚያ ሌላ ጉድጓድ ፈልጉ።